ሰዓት ያልያዘው ሯጭ

አክስቴ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ። የሌሊት ሥራ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ቀኑ ለዘመድ ይውላል። ባለፈው የጸደይ ወቅት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ወዳለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። ቀጠሯችን እስኪደርስ ጊዜ ስለነበረን ኮሪደሩን ይዘን ቀስ እያልን ስንሄድ፣ ወለሉ ላይ ያለ አንድ ምልክት ዘንድ ስንደርስ አክስቴ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጥ አሉ።

«የማን መቃብር ነው?» አሉኝ።

«መቃብር አይደለም እትዬ። የኳስ ሜዳ ነበረ እዚህ።»

«ሆስፒታል ውስጥ?»

«ሜዳው ቀድሞ ነበር። ሆስፒታሉ ኋላ ነው የመጣው።»

«ይሁን። እኔ ግን አልረግጠውም» ብለው ዞረው አለፉ። በልባቸው ሳያማትቡ አልቀሩም።

ምልክቱ የድሮው የግሪፊዝ ስታዲየም ሆም ፕሌት የነበረበት ቦታ ነው። ሆም ፕሌት በቤዝቦል መቺው ዱላውን ይዞ የሚቆምበት፣ ሦስቱን ቤዞች ዞሮም የሚመለስበት ነጥብ ነው። ስታዲየሙ በ1965 ፈረሰ፤ ሆስፒታሉ በ1975 ተከፈተ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። እኛ ሐበሾች ያንን አካባቢ የምናውቀው በሌላ ነገር ነው፤ በዘጠነኛ ጎዳናና በዩ ስትሪት፣ በክትፎውና በቡናው፣ ቅዳሜ ማታ በር ላይ ቆሞ በሚያወራው ሰው። እኔም ከዚያ ብዙም ሳልርቅ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ተራ ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከጠባቧ የመስተዋት ክፍሌ ወጥቼ ጥቂት ደቂቃ ብራመድ አሜሪካ ካየቻቸው ፈጣን ሰዎች አንዱ ወደሮጠበት መሬት እንደምደርስ ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው። ሌሊት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መኪና አይመጣም፤ ሰው እንቅልፉን ለመከላከል ያገኘውን ያነብባል። እኔ ያገኘሁት ይህን ሰው ነበር።

ስሙ ጄምስ ቤል ነው። የሚታወቀው «ኩል ፓፓ» ተብሎ ነው።

በ1903 ሚሲሲፒ ውስጥ ስታርክቪል አጠገብ ተወለደ። ወጣት ሳለ ወንድሞቹን ተከትሎ ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ወጣ፤ በሥጋ ማሸጊያ ፋብሪካ እየሠራ በትርፍ ጊዜው የሰፈር ቡድን ውስጥ ኳስ ይወረውር ነበር። ሥራው ፒቸር ነበር፤ ግራኝ ፒቸር። ቤዝቦልን ለማያውቅ አንባቢ ለመንገር ያህል፣ ፒቸር ማለት ከሜዳው መካከል ካለች ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሷን ወደ መቺው የሚወረውር ሰው ነው። ጨዋታው ሁሉ በእጁ ነው፤ እሱ ካልወረወረ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። በልጅነቴ የገና ጨዋታ ስንጫወት ጥንጓን መጀመሪያ የሚመታት ልጅ የሚሰማውን ኩራት አስታውሳለሁ፤ ፒቸርነት ያ ኩራት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሲቆይ ነው ብዬ ነው የምገምተው።

በ1922 የሴንት ሉዊስ ስታርስ ቡድን በወር 90 ዶላር ቀጠረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ስታርስ የሚጫወትበት ሊግ የጥቁሮች ሊግ ነው። ትልልቆቹ ሊጎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ጥቁር ተጫዋች አያስገቡም ነበር፤ የሚከለክል የተጻፈ ሕግ አልነበረም፣ ሁሉም ግን ያከብረው ነበር። ስለዚህ ሩብ ፎስተር የሚባል ራሱም ፒቸር የነበረ ሰው በ1920 ካንሳስ ሲቲ ላይ የቡድን ባለቤቶችን ሰብስቦ የኔግሮ ብሔራዊ ሊግን አቋቋመ። ቤል የገባው ሊጉ ገና ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው።

የቅጽል ስሙን ታሪክ እወደዋለሁ። በዚያው በመጀመሪያ ዓመቱ፣ ብዙ ሕዝብ ፊት፣ በዘመኑ አስፈሪ መቺ የነበረውን ኦስካር ቻርልስተንን ኳስ እያሳተ ከሜዳ አስወጣው ይባላል። ሌላው ልጅ ቢሆን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህ ግን እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ረጋ ብሎ ቆመ። ጓደኞቹ «ኩል» አሉት፤ ረጋ ያለ፣ የማይሞቀው እንደ ማለት ነው። አሠልጣኙ ቢል ጌትውድ ስሙ ባዶ ሆነበትና «ፓፓ» ጨመረበት። አባባ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሆነው ልጅ። ፈረንጆቹ ይህን እንደ ቀልድ ይጽፉታል፤ እኔ ግን ሳነበው ምንም አልገረመኝም። እኛ ዘንድ ጀግና በፈረሱ ስም «አባ» ይባል የለም? ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ። ቤል ፈረስ አልነበረውም፤ እግሩ ፈረሱ ነበር። አባ ረጋ ብንለው ያምርበታል።

እግሩ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው። ፒቸር በየቀኑ አይወረውርም፤ ክንዱ እንዲያርፍ ቀናት ይቀመጣል። ሲወረውርም ቆሞ ነው። እንደ ቤል ያለ ሰው ፒቸር አድርጎ ማቆየት ሰንጋ ፈረስን ውኃ መቅጃ እንደ ማድረግ ነው። በ1924 ገደማ ወደ ሜዳው ጀርባ፣ ወደ መሀል ተከላካይነት አዛወሩት፤ በዚያ ሰፊ ሣር ላይ ኳስ አሳዶ የሚይዝ ሰው ሆነ። ሌላም ነገር አደረገ። በቀኝ በኩል ቆሞ ይመታ የነበረው ሰው በግራም መምታት ተማረ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በግራ በኩል የሚቆም መቺ ለመጀመሪያው ቤዝ አንድ ሁለት እርምጃ ይቀርባል፣ ዱላውን ሲወነጭፍም ሰውነቱ ወደዚያው ያዘነብላል። ከቤዝ ቤዝ 27.4 ሜትር ነው። ለተራ ሰው ሁለት እርምጃ ምንም አይደለም፤ ለእሱ ግን በመያዝና በማምለጥ መካከል ያለው ልዩነት ነበር።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ብዙ ነው። ኳሷን ዳሰስ አድርጎ እግሩ ሥር ይጥላትና ተከላካዮቹ ጎንበስ ብለው ሲያነሷት እሱ ቤዙ ላይ ቆሞ ነው። ስለዚህ ተከላካዮቹ ገና ከመጀመሪያው ቀረብ ብለው መቆም ጀመሩ፤ ሲቀርቡለት ደግሞ በራሳቸው ላይ አሳልፎ ይመታታል። ቤዝ ይሰርቃል፤ መስረቅ የሚባለው ፒቸሩ ኳሷን ሊወረውር ሲል ሯጩ ሳይጠበቅ ወደሚቀጥለው ቤዝ መብረሩ ነው። በ1948፣ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ሆኖ፣ ከትልልቆቹ ሊጎች ተጫዋቾች ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ መጀመሪያው ቤዝ ላይ ቆሞ ነበር። የሱ ወገን መቺ ኳሷን ዳሰስ አድርጎ ጣላት። ቤል ሁለተኛውን አልፎ ወደ ሦስተኛው ሲቃረብ፣ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ማንም አለመኖሩን ያየው ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ የፒቸሩን ኳስ የሚይዘው ሰው) ሆም ፕሌትን ለቆ ሊሸፍን ሮጠ። ቤል ግን ሦስተኛው ላይ አልቆመም። በካቸሩ አጠገብ አልፎ ባዶ ወደቀረው ሆም ፕሌት ገባ። ዳሰስ በተደረገች ኳስ ከመጀመሪያው ቤዝ ተነሥቶ ነጥብ! ይህን ያነበብኩ ሌሊት ብቻዬን ሳቅኩ፤ አንድ ሹፌር ደግሞ መስኮቴን እያንኳኳ ይጠብቀኝ ነበር።

ወደ ተረቶቹ ልምጣ። ሳቸል ፔጅ የሚባል ታላቅ ፒቸር አብሮት ክፍል ይጋራ ነበር፤ ወሬ ማሳመር የሚያውቅ ሰው ነበር። «ቤል የመብራቱን ማጥፊያ ይጫንና ክፍሉ ሳይጨልም አልጋው ውስጥ ይገባል» ብሎ በየአገሩ አወራለት። ሌላም አለ፤ ቤል ኳሷን በፒቸሩ አጠገብ መታትና ወደ ሁለተኛው ቤዝ ተንሸራትቶ ሲገባ የገዛ ኳሱ መታችው ይባላል። እነዚህን ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ የኖረውን የማያውቅ እንኳ የመብራቱን ያውቃል።

የመብራቱን እውነት ቤል ራሱ በስተርጅና ተናገረው። ያረፉበት ክፍል የመብራት ማጥፊያ ብልሽት ነበረበት፤ ከተጫኑት በኋላ አምፖሉ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚጠፋው። ቤል ይህን ደረሰበትና ለፔጅ ሳይነግረው ውርርድ ገባ። ማታ ተነሣ፣ ማጥፊያውን ተጫነ፣ ረጋ ብሎ ሄደ፣ ተኛ፣ ብርድ ልብሱን ሳበ፣ መብራቱ ጠፋ። በቃ። እኔ መብራት ሲፈልግ በሚመጣና ሲፈልግ በሚሄድበት አገር ያደግኩ ሰው ነኝና ይህ እውነት ከተረቱ ይልቅ ደስ አሰኝቶኛል። እንዲህ ዓይነት ማጥፊያ ቤታችን ነበረ። ማንም ሰው ያን ማታ ፈጣን ነበር።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የተበላሸ ማጥፊያ ለዚህ ሰው ፍጥነት ዋናው ምስክር እንዴት ሆነ?

ቤል ራሱ ቤዞቹን ዞሬ በ12 ሰከንድ ገብቻለሁ ይል ነበር፤ በረጠበ ሜዳ ደግሞ በ13.1። እስቲ እንቁጠር። አራቱም ጎኖች ሲደመሩ ወደ 110 ሜትር ይጠጋሉ፤ መንገዱም ቀጥ ያለ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ መታጠፍ አለ። ሯጩ ጄሲ ኦወንስ በ1936 በርሊን ኦሎምፒክ ላይ 100 ሜትሩን ያሸነፈው በ10.3 ነው። በዚያው ፍጥነት 110 ሜትር ቀጥ ብሎ ቢሮጥ 11.3 ገደማ ይሆናል። ቤል ሦስት ማዕዘን እየታጠፈ በ12 ገባ ማለት ለመታጠፊያዎቹ ሁሉ አንድ ሰከንድ እንኳ አልከፈለም ማለት ነው። ይህን አላምንም። ኤቫር ስዋንሰን የሚባል የትልልቆቹ ሊግ ተጫዋች በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሰዓት ተይዞለት በ13.3 ዞሯል። በዘመናችን በካሜራና በራዳር የሚለካው ባይረን በክስተን በ2017 መትቶ ሲዞር 13.85 ተመዘገበለት፤ መሣሪያው እስከዚያ ጊዜ ከለካቸው ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነበር። የቤል 13.1 ከእነዚህ ጋር ስትቀመጥ ታጓጓለች። ከሁሉም ይበልጥ ነበር ወይስ እኩል? ሰዓቱን ማን ያዘው? የት ተጻፈ?

ከኦወንስ ጋርም የሚያገናኝ ታሪክ አለ። ኦወንስ ከበርሊን አራት ወርቅ ይዞ ቢመለስም ወርቅ አይበላም። አማተርነቱን ከተነጠቀ በኋላ ለእንጀራው ሲል ከፈረስ ጋር ሮጧል፤ በቤዝቦል ጨዋታዎች መካከልም ሜዳ ላይ ወጥቶ ከተጫዋቾች ጋር፣ ጥቂት ሜትር እያስቀደመ፣ ለተመልካች ይወዳደር ነበር። የቤል ወገኖች ኦወንስ ከሁሉም ጋር ሲሮጥ ከቤል ጋር ግን መሮጥ አልፈለገም፣ ምክንያት ፈልጎ አለፈ ይላሉ። እውነት ይሁን አይሁን አልፈርድም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ያ ሩጫ ቢደረግ ኖሮ እንኳ ከማን ማን እንደቀደመ እናውቅ ነበር እንጂ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ አናውቅም ነበር።

መጀመሪያ ይህን ሳስብ «ሰዓት ለነጭ፣ ተረት ለጥቁር» ብዬ ለመጻፍ ፈልጌ ነበር። ጥሩ ዐረፍተ ነገር ናት፤ ግን ትዋሻለች። ኦወንስም ጥቁር ነው። ግንቦት 25 ቀን 1935 አን አርበር፣ ሚሺጋን ላይ አንድ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አንዱን ሲስተካከል፣ የ100 ያርዱ 9.4 ተብሎ ተጽፎለታል። ምክንያቱም የሮጠው በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ላይ፣ በተለካ መም፣ ሥራቸው ሰዓት መያዝ በሆነ ሰዎች ፊት ነው። ቤል የሮጠው ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ፣ መንገድ ላይ ምግብ ቤት አላስገባ ብሎት፣ ሲነጋ በሚደርስበት ሜዳ ላይ ነው። ክለቡ ተጫዋቾቹን ለማድረስ ቤንዚን ይቸግረዋል። ሰዓት የሚይዝ ሰው ከየት ያመጣል?

ሰዓቱ ይቅር። መዝገቡስ? በ1933 ወደ 200 በሚጠጉ ጨዋታዎች 175 ቤዝ ሰርቋል ይባላል፤ ተመራማሪዎች ከድሮ ጋዜጦች ለቅመው ያገኙት ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። የጠፋው ጨዋታ ነው ወይስ የተጋነነው ቁጥር? ምናልባት ሁለቱም። ቤል ራሱ ሲናገር፣ በአንድ ጨዋታ አምስት ጊዜ መትቶ አምስት ቤዝ ሰርቆ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ግን አንዱም አልተጻፈም። የዚያን ቀን የመመዝገቢያ ደብተሩን ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም።

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ወደ ውጭ ተመለከትኩ። ምክንያቱ የግል ነው።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ጎጃም ውስጥ በትምህርት ቤቶች ውድድር 100 ሜትር ሮጫለሁ። በእኛ አገር አጭር ርቀት ማን ያየዋል? ሰው የሚሰበሰበው ለአሥር ሺህ ነው፤ የእኛ ጊዜ ሰው ዳቦ የሚገዛበት ጊዜ ነበር። መሙ የተሠመረው በአመድ ነው። አንደኛ ወጣሁ፤ እንዲያውም ሁለተኛው ሲገባ ዞሬ አይቼዋለሁ፣ ይህን እስከ ዛሬ የምኮራበት ነገር ነው። የስፖርት መምህራችን የተዋሰው ሰዓት ግን ቁልፉ ተጣብቆ አልቆም አለ። ተጫነው፣ ነቀነቀው፣ ሱሪው ላይ መታ መታ አደረገው፤ ሰዓቱ መቁጠሩን ቀጠለ። ወረቀቱ ላይ ከስሜ ፊት «1ኛ» ብሎ ጻፈ፤ «ሰዓት» በሚለው አምድ ሥር አጭር መስመር አሰመረ። «አይዞህ፣ ጥይት ነህ!» አለኝ። ጥይት መባል ደስ ይላል። ቤት ስገባ አባቴ «በስንት ገባህ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ያቺ አጭር መስመር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውስጤ አለች። ምናልባት 11.2 ነበርኩ፤ ምናልባት 12.5። ከቤል ጋር ራሴን ማስተካከሌ አይደለም፣ አንባቢ ይታገሠኝ። ግን «ጥይት ነህ» እና «መብራቱ ሳይጠፋ ይተኛል» የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን ያወቅኩት በዚያ ሌሊት ነው። ሰዎች ቁጥር መስጠት ሲያቅታቸው ከልባቸው የሚሰጡት ምትክ ነው። ምትኩን እወደዋለሁ፤ ቁጥሩን ግን እፈልገዋለሁ።

ቤል ግን ኖረ። ስታርስ በ1928፣ በ1930ና በ1931 የሊጉ አሸናፊ ሲሆን አብሮ ነበር፤ ሊጉ በኢኮኖሚ ድቀቱ ፈረሰ፣ እሱ ወደ ፒትስበርግ ክሮፎርድስ ሄደ። በ1937 የዶሚኒካኑ አምባገነን ትሩሂዮ በስሙ የተሰየመችው ዋና ከተማ ቡድን እንዲያሸንፍ ሲፈልግ ፔጅንና ቤልን ጨምሮ የአሜሪካ ጥቁር ኮከቦችን አስመጣ፤ በወታደር ተከብበው ተጫውተው አሸነፉ፣ በፍጥነትም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ ፍጥነቱ በእርግጥ ጠቅሞታል። ቀጥሎ ሜክሲኮ፤ በፈለገው ሆቴል የሚያድርበት፣ ደስ ባለው ምግብ ቤት የሚበላበት አገር። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1943፣ በአርባ ዓመቱ፣ ሆምስቴድ ግሬይስን ተቀላቀለ። ግሬይስ የፔንሲልቬንያ ቡድን ቢሆንም ብዙውን የሜዳው ጨዋታ ያደርግ የነበረው እዚህ ዋሽንግተን ነው፤ ግሪፊዝ ስታዲየምን ከነጮቹ ቡድን ከሴነተርስ ባለቤት እየተከራየ። እነ ጆሽ ጊብሰን፣ እነ በክ ሌናርድ የነበሩበት ቡድን ነው፤ በ1943ና በ1944 የጥቁሮቹን የዓለም ዋንጫ አነሡ። የሜዳው የመሀል አጥር ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ቤታቸውን ያልሸጡ ሰዎች ስለነበሩ አጥሩ ቤቶቹንና አንድ ትልቅ ዛፍ ለማለፍ ወደ ውስጥ ይታጠፍ ነበር። ቤል በዚያ ሜዳ ሣር ላይ ነበር ኳስ የሚያሳድደው። ሴነተርስ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1954 ነው።

በነገራችን ላይ ስለ እኛም የሚነሣ ነገር አለ፤ ሳነበው ፊቴ ቀላ። በ1930ዎቹ ኢጣሊያ ሲወርረን የኢትዮጵያ ስም በአሜሪካ ጥቁሮች አፍ ላይ ነበር። በዚያው ሰሞን ማያሚ ላይ አንድ የቤዝቦል ቡድን ራሱን «ኢትዮጵያን ክላውንስ» ብሎ ሰየመ፤ የኢትዮጵያ ቀልደኞች ማለት ነው። ፊታቸውን እየቀቡ፣ «አፍሪካዊ» የተባለ የፈጠራ ስም እየያዙ፣ ሕዝብ እያሳቁ ይጫወቱ ነበር። ጥሩ ተጫዋቾችም ነበሩ፤ ይህ ነው የሚያናድደው። አዲስ አበባ በተያዘችበት ዘመን በስማችን መሳቅ ያልጣማቸው ጥቁር ጋዜጠኞችና የቡድን ባለቤቶች ተቃወሙ፤ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የግሬይሱ ባለቤት ካም ፖዚ ነበር። ቡድኑ በ1943 ወደ ጥቁሮቹ ሊግ ሲገባ «ኢትዮጵያን» የሚለውን ስም ጣለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ኋላ ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ሲባል፣ በ1952 ሃንክ አሮን የሚባል፣ ኋላ ከቤዝቦል ታላላቅ መቺዎች አንዱ የሆነ ልጅ ከዚያ ነው የተነሣው።

ጃኪ ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር ተጫዋች በ1947 ወደ ትልልቆቹ ሊጎች ገብቶ በሩን ሲከፍት ቤል አርባ አራት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ራሱ እንደተረከው፣ በመምታት አማካይ ሊጉን እየመራ ሳለ የመጨረሻዎቹን ጨዋታዎች ሆን ብሎ ተወ፤ ወጣቱ ሞንቲ ኧርቪን አንደኛ ሆኖ እንዲጨርስና የትልልቆቹ ሊጎች ዓይን እንዲያርፍበት። አንድ ጊዜ እንኳ ቁጥሩ በትክክል እየተቆጠረለት ሳለ ለሌላ ሰው ሰጠው። ኧርቪን በ1949 ገባ። በ1951 ሴንት ሉዊስ ብራውንስ ቤልን ራሱን ጠየቁት፤ አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ እምቢ አለ። ሰው ያየኝ በእርጅናዬ አይሁን ማለቱ ይመስለኛል።

ከዚያስ? የሴንት ሉዊስ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሥራ ያዘ። መጀመሪያ ጽዳት፣ ኋላ የሌሊት ጥበቃ። እስከ ጡረታው ድረስ ዓመታት ባዶ ሕንፃ ውስጥ በሌሊት ዞረ። ይህን ገጽ ሳነብ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር፤ እኔም ቁልፍ ይዤ ባለ ሦስት ፎቅ ባዶ መኪና ማቆሚያ የምዞርበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ተነሥቼ ዞርኩ። በሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ካሜራው በማያየኝ በኩል፣ ትንሽ ሮጥኩ። ጉልበቴ ተንቋቋ።

በ1974 ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ አስገቡት፤ ሳቸል ፔጅ፣ ጊብሰን፣ ሌናርድና ኧርቪን ቀድመውት ነበር። ሰዎች «ያለ ጊዜህ ቀድመህ ተወለድክ» ሲሉት «በሩ ነው ዘግይቶ የተከፈተው» ይል ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ፣ በራሱ ከተማ፣ ሉ ብሮክ በአንድ የውድድር ዘመን የተሰረቁ ቤዞችን ክብረ ወሰን ሲሰብር ጨዋታው ተቋረጠ፤ የተሰረቀውን ቤዝ ነቅለው ለብሮክ ሲሰጡት ሜዳው መካከል ከቆሙት አንዱ የሰባ አንድ ዓመቱ ቤል ነበር። የብሮክ በዓመቱ መጨረሻ 118 ሆነ። እያንዳንዷ ቀኗ፣ ፒቸሯ፣ ካቸሯ ተጽፏል። ቤል ፈገግ ብሎ ነው የቆመው። የሚኖርባት መንገድ በስሙ ተሰየመች፤ ባለቤቱ ክላራ በ1991 መጀመሪያ አረፈች፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ በመጋቢት ወር ተከተላት። በ2020 መጨረሻ የጥቁሮቹ ሊጎች እንደ ትልልቅ ሊግ እንዲቆጠሩ ተወሰነ፤ የተገኙት ቁጥሮችም በ2024 ከሌሎቹ መዝገብ ጋር ተቀላቀሉ። የተገኙት።

አክስቴ ሐኪሙ ዘንድ ጨርሰው መድኃኒት እስኪጻፍላቸው ሲቀመጡ እኔ ወደ ምልክቱ ተመለስኩ። መጀመሪያው ቤዝ ወደ የት እንደነበረ በግምት አቅጣጫ ያዝኩ። 27.4 ሜትር በእኔ እርምጃ ሠላሳ ስድስት ገደማ ነው። ሰው እየሸሸሁ፣ አልጋ የሚገፋ ነርስ እያሳለፍኩ፣ መቁጠር ጀመርኩ።

«ምን ትቆጥራለህ አንተ?» አሉኝ፤ ወረቀታቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል።

«እርምጃ ነው እትዬ።»

«ስንት ሆነ?»

«አሥራ ዘጠኝ ላይ ግድግዳው ያዘኝ።»

ግድግዳውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እንግዲያው በዚያኛው በኩል ዙር» አሉኝና ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።